አንዲት ሐሰት

ደጓሹ ዳገቱን ሲወጣ የግራ ጫማው ማሰሪያ ተፈታ። ጎንበስ ብሎ አላሰረውም። ጎንበስ ካለ ወገቡ በቀላሉ አይቃናለትም፤ ጊዜም አልነበረውም። ማሰሪያውን መሬት ለመሬት እየጎተተ፣ ግራ እጁን ደረቱ ላይ እንደ ለጠፈ መውጣቱን ቀጠለ። ከእጁ ሥር፣ ከሸሚዙ ውስጥ፣ ዛሬ ጠዋት የበቅሎው መልእክተኛ ያደረሰለት ደብዳቤ ነበር።

መጻሕፍት መስፋትና ቆዳ ማልበስ ነው ሥራው። አርባ ዓመት ሙጫ ሲያፈላ ስለኖረ የታችኛው ሰፈር ሰው በስሙ መጥራት ትቶ «ጋሼ ሙጫ» ይለዋል። ከኋላው እያለከለከች የምትከተለው ሸክላ ሠሪዋ ናት። ሰፈሩ ወክሎ የላከው እሷን ነው፤ ምላሷ ስለማይደክም።

«ጋሼ ሙጫ፣ ቀስ በል እንጂ» አለችው። «ልብህ ቀጥ ብትል ደብዳቤውን ማን ያነብልናል?»

«አንቺ።»

«እኔ ማንበብ ብችል ኖሮ አንተን እለምን ነበር?»

«እንግዲያው ትንፋሽሽን ቆጥቢ።»

ፀሐይዋ ከግንቡ በላይ ወጥታለች። ስድስት ሰዓት ሲሆን የታችኛው ሰፈር ጉዳይ ይዘጋል። አዲሱ ገዥ በገባ በወሩ ያስነገረው አዋጅ አጭር ነበር፤ የይዞታ መዝገቡን ያላሳየ ሰፈር መሬቱ ለወታደር ይሰጣል። የሌሎቹ ሰፈሮች መዝገብ በየሽማግሌዎቻቸው እጅ ተገኝቷል። የታችኛው ሰፈር ግን አልተገኘም። አርባ ሁለት ቤት፣ የሸክላ ሠሪዎቹ የአፈር ጉድጓድ፣ የደጓሹ አንድ ክፍል ከነወንበሩና ከነሙጫ ድስቱ፣ ሁሉም በዚያ በሌለው መዝገብ ላይ የተጻፈ ነው።

አዲሱ ገዥ የመዝገብ ቤቱን ወረቀት ሲያስቃጥል ይህ መዝገብ ግን አልተቃጠለም። ይህን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ደጓሹ ነው። ሁለተኛው የቀድሞው የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነው፤ እሱን ደግሞ አዲሱ ገዥ የአንድ ቀን ተኩል መንገድ ወደሚርቀው ወደ ላይኛው ምሽግ ወስዶ በቁም እስር አስቀምጦታል።

ጸሐፊው ከመወሰዱ በፊት በነበረው ወር ለደጓሹ ሦስት ሽፋን አዝዞት ነበር። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቀለም ያልነካው ነጭ ቆዳ። እንጨታቸው ድርብ እንዲሆን፣ በሁለቱ ስስ እንጨቶች መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት እንዲቀር አደራ አለው። ስፌቱን ራሴ እሰፋለሁ ብሎ ሽፋኖቹን ባዶአቸውን ወሰደ። ደጓሹ ያን ጊዜ ተቀይሞ ነበር። መርፌዬን ናቀው ብሎ አንድ ሳምንት ከራሱ ጋር ተኳርፏል። በኋላ የመዝገብ ቤቱ ወረቀት በአደባባይ ሲነድ ቆሞ እያየ ነገሩ ገባው። ሽፋኖቹ የታዘዙላቸው ሦስቱ መዝገቦች የፍርድ ቤት ነበሩ፤ የፍርድ ቤት መዝገብ አይቃጠልም። ከሦስቱ በአንደኛው የሽፋን እንጨት ውስጥ የሰፈሩ ወረቀት ተኝቷል።

በየትኛው ነው? ይህን ለመጠየቅ ደጓሹ ከአሥራ አንድ ቀን በፊት ጻፈ። የምሽጉ ዘበኞች ደብዳቤ ሁሉ እየከፈቱ ስለሚያነቡ መዝገብ የሚል ቃል አልጻፈም። «ከታች ያሉት ልጆች እናታቸው ጠፍታባቸዋል። ምን ልብስ ለብሳ ነው የወጣችው?» ብሎ ጠየቀ። ለሌላ ሰው የቀባጣሪ ሽማግሌ ነገር ነው። ለጸሐፊው ግን አይደለም። ሁለቱ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የተጻጻፉት እንዲህ እየተባባሉ ነው።

«እስቲ እንደገና ንገረኝ» አለች ሸክላ ሠሪዋ። «ምን ይላል?»

ደጓሹ ደብዳቤውን አላወጣውም። በቃሉ ይዞታል።

«እናትየዋ ቀይ አልለበሰችም። እናትየዋ ነጭ አልለበሰችም። የለበሰችው ልብስ ቀለም የነካው ነው።»

«ታዲያ ጥቁሩ ነዋ። ይኼ ምን ያስቸግራል?»

«አይደለም። ቀዩ ነው።»

«ቀይ አልለበሰችም እያለህ?»

ደጓሹ ቆም አለ። ለማረፍ ሰበብ ስላገኘ ደስ ብሎታል።

«ስሚ። እኔና እሱ ሕግ አለን። እንቆቅልሽ በያዘ ደብዳቤ ውስጥ አንዲት መስመር ሐሰት መሆን አለባት። አንዲት ብቻ፤ ሁለትም አይሆን፣ ሳይኖርም አይቀር። ሐሰቷን ያገኘ መልሱን ያገኛል። አሁን ተመልከቺ። ጥቁር ለብሳለች ካልሽ ሦስቱም መስመሮች እውነት ሆኑ። ሐሰት የለም፤ ሕጉ ፈረሰ። ነጭ ለብሳለች ካልሽ ነጭ አልለበሰችም ያለውም ቀለም የነካው ነው ያለውም ሐሰት ሆኑ። ሁለት ሐሰት፤ ሕጉ ፈረሰ። ቀይ ለብሳለች ካልሽ ግን ሐሰት የምትሆነው የመጀመሪያዋ ብቻ ናት። ስለዚህ ቀዩ ነው።»

ሸክላ ሠሪዋ ጣቶቿን እያጠፈች እየዘረጋች ለራሷ አሰላችው። ጥፍሮቿ ሥር የደረቀ ሸክላ አለ።

«ልክ ነህ» አለች በመጨረሻ። «ግን እንዲህ ቀላል ከሆነ ሠላሳ ዓመት ምን ስትሠሩ ኖራችሁ?»

 ነገሩ ከጠዋት ጀምሮ ደጓሹንም ኮርኩሮታል። የጸሐፊው እንቆቅልሽ ቢያንስ ሦስት ቀን ይወስድበታል። አንድ ጊዜ ዘጠኝ አንድ ዓይነት ጠጠሮች አሉ፣ አንዱ ብቻ ይቀላል፣ ሁለት ጊዜ ብቻ መዝነህ ለየው ብሎት፣ ደጓሹ ቆዳ መመዘኛውን ይዞ ሳምንት ሙሉ ምግብ ሲረሳ ከርሟል። የዛሬውን ግን ከበሩ እስከ ሥራ ወንበሩ ሲራመድ ፈታው። አርጅቷል ማለት ነው፣ ብሎ አሰበ። ሁለታችንም አርጅተናል።

«አራት መስመር ነው ብለኸኝ አልነበር ጠዋት?» አለች ሸክላ ሠሪዋ። «ሦስት ነው የነገርከኝ።»

«አራተኛዋ ሰላምታ ናት።»

«ምን ትላለች?»

«እኔ ደህና ነኝ ነው የሚለው።»

ይህን ሲል ድምፁ ዝቅ አለ። እሷም ቀና ብላ አየችው።

በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ጸሐፊው ሰላምታ ጽፎለት አያውቅም። እሱም አልጻፈም። በሦስት አጋጣሚ ብቻ ነው ፊት ለፊት የተያዩት፤ ሦስቱ ቢደመሩ የአንድ ቀን ጨዋታ አይሞላም። ምን ትበላለህ፣ ማን አለህ፣ እንዴት አደርክ ተባብለው አያውቁም። ደጓሹ ሚስቱ ከሞተች ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በቤቱ አንድ ጽዋ፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ወንበር አለ። በሩ ተንኳኩቶ ሲከፍት ሁልጊዜ ሥራ የያዘ ሰው ነው የሚያገኘው። ዛሬ ጠዋት ያቺን አራተኛ መስመር ሲያነብ ሦስቱን ረስቶ እሷ ላይ ቆየ። ወጥቶ በሩን ከቆለፈ በኋላ ተመልሶ ከፍቶ፣ ቁጭ ብሎ፣ እንደገና አነበባት። አንድ ሰው ከሩቅ ተቀምጦ እሱ ያስባል ብሎ ደህና ነኝ ብሎታል።

«በል እንሂድ» አለች ሸክላ ሠሪዋ፤ ጎንበስ ብላ የጫማውን ማሰሪያ አሰረችለት። «ወድቀህ ጥርስህን ብታረግፍ ቀዩ ማለት ያቅትሃል።»

የፍርድ ቤቱ አዳራሽ ከውጪው ይቀዘቅዛል። ግድግዳው በኖራ የተለሰነ ነው። ከዳኛው መቀመጫ በስተኋላ በብረት ፍርግርግ የተዘጋ መደርደሪያ አለ። ደጓሹ ሽፋኖቹን ከሩቅ ለያቸው። ቀዩ፣ ጥቁሩ፣ ነጩ፤ በየጀርባቸው ላይ የገዥው የሰም ማኅተም ተለጥፏል። ነጩ ጥግ በጥግ ወዝቷል። እጁን ቢያሳርፍባቸው የትኛው እንደ ተፈታ በጣቱ ያውቀው ነበር። ፍርግርጉ ግን በመካከል አለ።

ዳኛው ከቀድሞው ገዥ ዘመን የቀሩ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። በቀኛቸው፣ ማንም ሳያስቀምጠው፣ የአዲሱ ገዥ ሻለቃ ተቀምጧል። ጎራዴውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ብርቱካን ይልጣል። የታችኛው ሰፈር መሬት የሚደርሰው ለእሱ ወታደሮች ነው።

«ጠንቋዩ መጣ» አለ ሻለቃው ቀና ሳይል።

«ደጓሽ ነኝ ጌታዬ።»

«ከተዘጋ ነገር ውስጥ ያለውን የሚያውቅ ሰው በእኛ አገር ጠንቋይ ነው የሚባለው።»

«እኔ የዘጋሁት ከሆነም ጌታዬ?»

ሻለቃው ቀና ብሎ አየው። ዳኛው ቶሎ ጣልቃ ገቡ።

«ሥርዓቱን ታውቃለህ» አሉት። «አንድ አቤቱታ፣ አንድ መዝገብ። እኔ መስበር የምችለው አንድ ማኅተም ብቻ ነው። መጀመሪያ ትጠራለህ፣ ከዚያ ይከፈታል። ከተጠራ በኋላ መመለስ የለም።»

«አውቃለሁ፣ የተከበሩ ዳኛ።»

«ባዶ ሆኖ ከተገኘስ?» አለ ሻለቃው።

«ጉዳዩ ይዘጋል» አሉ ዳኛው።

«እሱማ ይዘጋል። የገዥውን ማኅተም በከንቱ ያሰበረው እጅስ?»

 ሻለቃው የብርቱካኑን ልጣጭ ሳያቋርጥ እስከ መጨረሻው አወረደው።

የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ፣ አንገቱ ከወረቀት ላይ የማይነሣ ሰው፣ የሰፈሩን አቤቱታ ዘርግቶ ማንበብ ጀመረ። በየመስመሩ መጀመሪያ ቁጥሩን ይጠራል፤ ቁጥሩን በብዕሩ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ያሰፍራል።

«አንድ። ለተከበሩ ዳኛ ጤና ይስጥልኝ እንላለን። ሁለት። እኛ የታችኛው ሰፈር ነዋሪዎች በእግርዎ ሥር ወድቀን እናመለክታለን። ሦስት። …»

«ሰላምታም ይቆጠራል እንዴ?» አለ ሻለቃው ሰልችቶት።

«የተጻፈ ሁሉ ይቆጠራል፣ ጌታዬ» አለ ጸሐፊው፤ አራት ብሎ ቀጠለ።

ደጓሹ ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማም።

ሚስቱ በሞተች በሳምንቱ የሚያጫውተው አልነበረም። ተቀምጦ ለወዳጁ ለመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ አምስት መስመር ጻፈ። ሦስቱ ስለ ቆዳ ነበሩ። አራተኛዋ «የያዝኩት ክር ለሁለት መጻሕፍት ይበቃል» ትላለች። አምስተኛዋ «ሚስቴ ሞተች» ትላለች። ለምን በእንቆቅልሹ መካከል እንዳስገባት ያን ጊዜም አላወቀም። ሌላ የሚጽፍበት መንገድ አልነበረውም። ሐሰቷ የክሩ መስመር ነበረች። የእንቆቅልሹ መፍቻ በልማዳቸው መሠረት በዚያው ወረቀት ጀርባ ተጽፎ መጣ፤ ከጀርባ የሚጻፍ ሁሉ እውነት ነው። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ክርህ እንዲበቃ ለማድረግ ስሞክር ቆየሁ። አልሆነልኝም» ይላል።

ጸሐፊው አምስተኛዋን መስመር አልፎ አልሄደም። ቆጥሯታል። እሷ ሐሰት እንድትሆን፣ የክሩን መስመር እውነት ለማድረግ ሦስት ሳምንት ደክሟል።

እሱ ግን፣ ደጓሹ፣ ዛሬ ጠዋት አራተኛዋን መስመር አልቆጠረም። አባበለችው። ሲጠብቃት የኖረ ስለነበረ ስትመጣ እንደ ስጦታ ተቀበላት፤ ስጦታ ደግሞ ማን ይመረምራል? አሁን መርምራት አለው አእምሮው። በወረቀቱ ፊት አራት መስመር፣ አንዲት ሐሰት። ከቀዩ ውስጥ ከሆነ የመጀመሪያዋ ሐሰት ናት፤ ወዳጁም ደህና ነው። ከጥቁሩ ውስጥ ከሆነ ሦስቱ እውነት ናቸው፤ ሐሰቷ አራተኛዋ ናት።

ሁለቱም መንገድ ያስኬዳል። ሕጉ አንዱንም አያፈርስም። እንግዲህ የሚለየው ሕጉ ሳይሆን ሰውዬው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰላምታ ያልጻፈ ሰው፣ ቃል የማያባክን ሰው፣ ለምን ጻፋት? ሦስቱ መስመሮች ያለ እሷ አንድ መልስ ብቻ ነበራቸው። እሷን ሲጨምር እንቆቅልሹን እንደሚያበላሽ ያውቃል። ያለ ምክንያት አያበላሽም። አንዲት ሐሰት ማስቀመጫ ቦታ ፈልጓል፤ በመዝገቡ ላይ መዋሸት ፈርቶ፣ አርባ ሁለት ቤት በአንድ ቃል እንዳይፈርስ ፈርቶ፣ በራሱ ላይ ዋሸ። በዚያውም ዘበኞቹ የማያሳልፉትን ወሬ በፊታቸው አሳለፈ።

«ደጓሹ» አሉ ዳኛው። «ጥራ።»

ደጓሹ ቀዩን አየው። የራሱ ሥራ ነው። ቆዳውን ሦስት ጊዜ ነው ያቀለመው። ቀዩ ብሎ ቢጠራ ለአንዲት ደቂቃ ያህል፣ ማኅተሙ እስኪሰበር ድረስ፣ ወዳጁ ደህና ይሆናል። ዳገቱን ሲወጣ እንደነበረው ደህና። 

«ጥላው እግርህ ሥር ገባ እኮ፣ ጠንቋዩ» አለ ሻለቃው፤ በጎራዴው ሰገባ በበሩ በኩል የሚታየውን የጥላ ሰዓት አመለከተው።

«ጥቁሩ» አለ ደጓሹ።

ሸክላ ሠሪዋ ከበስተኋላው ክንዱን ያዘችው። «ቀዩ ነው ያልከኝ» አለች በሹክሹክታ። «ኧረ ጋሼ፣ ቀዩ ነው ያልከኝ።»

«ጥቁሩ ነው።»

«ተጠርቷል» አሉ ዳኛው።

የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ፍርግርጉን ከፍቶ ጥቁሩን መዝገብ አወጣ። ዳኛው ማኅተሙን በጥፍራቸው ሰበሩት። ደጓሹ ካራውን ከኪሱ አውጥቶ ወደ ጠረጴዛው ቀረበ።  በሽፋኑ የውስጥ ጠርዝ በኩል ቆዳውን ቀደደ። ስፌቱ የእሱ አልነበረም። የአንድ ጸሐፊ ስፌት ነው፤ ጠባብ፣ የተጨነቀ፣ ከሚገባው በላይ ብዙ ቋጠሮ ያለበት። ስስ እንጨቶቹን ለያያቸው። በመካከላቸው በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፣ የታጠፈ ወረቀት ነበር።

ዳኛው ተቀብለው ዘረጉት። ቀስ ብለው አነበቡ።

«የታችኛው ሰፈር። ከወንዙ ዳር እስከ አፈር ጉድጓዱ፣ የሸክላ ሠሪዎች። ከአፈር ጉድጓዱ እስከ ድልድዩ …»

ሸክላ ሠሪዋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። የአባቷን ስም ሲጠሩ በሁለት እጆቿ ፊቷን ያዘች።

ሻለቃው ተነሣ። ብርቱካኑን ሳይበላ ጠረጴዛው ላይ ተወው።

«ዕድለኛ ሰው ነህ» አለው በደጓሹ አጠገብ ሲያልፍ።

ደጓሹ ካራውን በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ ወደ ኪሱ መለሰ። «እንዳሉት ይሁን፣ ጌታዬ» አለ።

ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ወርዷል። ከግንቡ ውጪ ሰው ተሰብስቦ ጠበቃቸው። አንዱ የደጓሹን እጅ ሳመ፤ አንዱ ትከሻውን እየመታ «ጋሼ ሙጫ፣ ይኼን ጭንቅላት ከየት አመጣኸው?» አለው። አንዲት ሴት ከነልጇ መጥታ ልጁ እንዲነካው አደረገች። ደጓሹ ሁሉንም ራሱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣ። ሸክላ ሠሪዋ ሰዎቹን በክርኗ እየገፋች ደረሰችበት።

«ምን ሆነሃል?» አለችው። «ቀብር የሄድክ ትመስላለህ እኮ።»

«ወዳጄ ደህና አይደለም።»

«ማን ነገረህ? አሁን መልእክት መጣ?»

«ጠዋት ነው የመጣው» አለ ደጓሹ። «አሁን ነው ያነበብኩት።»

ትኩር ብላ አየችው። በጣቶቿ ልትቆጥር ጀመረች፣ አራት ላይ ስትደርስ ተወችው።

«ደብዳቤው ስንት ቀን በመንገድ ቆየ?»

«አላውቅም። ቀን አይጽፍም።»

«ቤት ገብተህ እህል ቅመስ። ነገ በቅሎ እንፈልግልሃለን።»

«ነገ አይሆንም።»

 ነጠላዋን ከትከሻዋ አውልቃ አንገቱ ላይ ጠመጠመችለት፤ ላይኛው አገር ብርድ ነው። ከሰዎቹ መካከል ወጥቶ ብቻውን ወደ ሰሜኑ በር ሄደ። ጥቂት ሰዎች አብረውት ሊሄዱ ተነሡ፤ እሷ በዓይኗ አስቆመቻቸው።

በበሩ ላይ የነበረው ዘበኛ ወፍራም መዝገብ ጭኑ ላይ ዘርግቶ ወጪ ገቢውን ይጽፋል።

«ወዴት ነው አባባ?»

«ላይኛው ምሽግ።»

«ለምን ጉዳይ?»

«የታመመ ሰው ልጠይቅ።»

«ምኑን ነው ያመመው?»

«አላውቅም።»

«መታመሙንስ ማን ነገረህ?»

«ራሱ ነው የነገረኝ።»

ዘበኛው ብዕሩን ከቀለሙ ቀንድ ነክሮ ጠበቀ። «ዘመድህ ነው?»

ደጓሹ ወደ ዳገቱ ተመለከተ። መንገዱ ድንጋያማ ነው፤ ሁለት ጊዜ ይታጠፍና ከዚያ በኋላ አይታይም። አንድ ቀን ተኩል ለበቅሎ ነው። ለእሱ እግር ስንት እንደሚሆን አላሰላም። ቢደርስ ምን እንደሚለው አሰበ። ከሰላምታ በፊት ምን ይባላል? አፍ ለአፍ ተነጋግረው የሚያውቁት እፍኝ የማይሞላ ነው።

«አዎ፣ ዘመዴ ነው» አለ።

«ባዶ እጅህን ነው ታዲያ የምትጠይቀው? ምንም አልያዝክለትም?»

«መልሱን ይዤለታለሁ።»

ዘበኛው አልገባውም፤ ሊገባውም አልጓጓም። «አንድ ሰው፣ ዕቃ የለውም» ብሎ ጻፈና አሳለፈው።